ከአልጋ ሥር የወጣው መንፊያ

በደርግ ጊዜ በብስክሌት ሌብነት ተከስሼ ቀበሌ ሸንጎ ፊት ቆሜ አውቃለሁ። ብስክሌቱን ያዋሱኝ ግን ከሳሼ ራሳቸው ነበሩ፤ ሽማግሌው ጎረቤቴ ጋሽ ዘለቀ። ቱላ የምትኖረው እናቴ ታማብኝ ለአንድ ቀን ብዬ ወስጄ አራት ቀን ቆየሁ። ስመለስ አብዮት ጠባቂዎች መንገድ ላይ ያዙኝ።

«ረስተውት ነው እንጂ አውሰውኛል» ብል ማን ይስማኝ። ጋሽ ዘለቀ «ደጄ ላይ እንዳቆምኩት ጠፋ» ብለው ድርቅ አሉ። እስር ቤቱ ታየኝ። የሸንጎው ሰብሳቢ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ከከረጢቴ ብቅ ያለውን የጎማ መንፊያ አዩና «ይሄስ የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ጎማው ስለሚያፈስ ከአልጋዬ ሥር ነው የማስቀምጠው።»

«ታዲያ ብስክሌቱን ከበር ላይ ለወሰደ ሌባ፣ መንፊያውን ከአልጋዎ ሥር ማን አወጣለት?»

ጋሽ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሩና «ውይ ልጄ… እናትህ ተሻላት?» አሉኝ።

«ተሽሏታል» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

«ተመስገን። በል ጎማውን ንፋና ቤቴ አድርሰኝ።»

ከሳሼን ከኋላዬ አፈናጥጬ ከሸንጎ ወጣሁ።