ወፎቹን ያስነሳው አሚን

እሁድ ዕለት አማቴን በጀልባ ወፍ ላሳያቸው ከደሴ ወደ ሐይቅ ይዣቸው ወረድኩ። ቄጠማው ጋ ስንደርስ አስጎብኚያችን ሞተሩን አጥፍቶ፣ «ከዚህ በኋላ ትንፍሽ እንዳትሉ፣ ይበሩብናል!» አለን። ውሃው በነጫጭ ወፍ ተሸፍኗል። አማቴ ግን የአላህን ሥራ አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ እጃቸውን ዘርግተው በሹክሹክታ ዱዓ ጀመሩ። እኛ ተሳፋሪዎቹ በከንፈራችን ብቻ «አሚን» እያልን እንደምንም ቻልነው። በመጨረሻ ወደ አስጎብኚው ዞረው፣ «አንተም ልጄ፣ ይህን እንዳሳየኸን አላህ ደግ ሚስት ያሳይህ» አሉት።

«አሚን!» ብሎ ጮኸ፣ ካለበት ብድግ ብሎ። ወፎቹ ግር ብለው ተነሱ፤ ሰማዩ ነጭ ሆነ፤ ጀልባዋ በሳቅ ተናወጠች። እሱ አፉን በእጁ ይዞ ቀረ። አማቴ ሽቅብ እያዩ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «አብሽር ልጄ፣ እነሱም አሚን ብለውልህ ነው!»