ጆሮ የሚደፍነው ድንቅ እቃ

ኦክሪምዬ! እንዴት ዋልሽ የኔ ቆንጆ? ዝናቡን አየሽልኝ? ከቤቴ እስከ አንቺ ጋ መንገድ መሻገር ብቻ ነው፣ ጫማዬ ግን አሁን ከባህር የወጣ መስሏል። እሺ፣ እዚህ ልቀመጥ። ያው እንደ ወትሮው ነው፤ ፀጉሬን ጠበቅ ጠበቅ አድርገሽ ጠቅልይልኝ። ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ፣ አምሬ መቀበል አለብኝ።

ውይ፣ ካስኩን ቀየርሽው እንዴ? አሮጌው እኮ እንደ ወፍጮ ቤት ነበር የሚጮኸው! እሱ ስር ገብተን ስናወራ ግማሹ የቡሳን ከተማ ይሰማን ነበር። ይሄኛው ግን ድምፅ የለው፣ ኮሽታ የለው… ዝም ብሎ ያግላል። ራስሽ ነሽ የመረጥሽው? ጎበዝ። እቃ መምረጥ እኮ ስጦታ ነው፤ ለሁሉም አይሰጥም።

ማናት እሷ፣ ጥጉ ጋ ካስክ ውስጥ ያለችው? … አሃ። አይ አይ፣ አትንኪያት፣ ተኝታለች። ጆሮዋ ውስጥም ማዳመጫዎቿን ሰክታለች፣ አየሻቸው? እነዚያ ገመድ የሌላቸው፣ ባቄላ የሚያህሉት። ትተኛ። ምን ትሰማለች ብለሽ ነው? ደግሞ እኔ የማጫውትሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። አንቺ አታውቂያትም። ሩቅ ናት… ማለቴ፣ ቅርብ ሆና ሩቅ።

ይቺ ወዳጄ እቃ ስትመርጥ ብታያት! ሻጮቹ ራሳቸው ከሩቅ ሲያዩዋት ቀበቷቸውን ያስተካክላሉ። «ስንት ዋት ነው? ዋስትናው የስንት ዓመት ነው? ባትሪው ሲያረጅ ማን ይቀይረዋል?» አንድም ነገር አያመልጣት። ደግሞ ቸርነቷ! ለራሷ ብቻ አትመርጥም። የሩዝ ማብሰያዬን የመረጠችልኝ እሷ ናት፣ ያንን የሚናገረውን። «እንፋሎት ሊወጣ ነው፣ እባክዎ ይጠንቀቁ» እያለ የሚናገረውን። ባሌ ከሞተ ወዲህ እቤቴ ውስጥ «ይጠንቀቁ» ያለኝ ፍጡር እሱ ብቻ ነው። ከምን እንደምጠነቀቅ ያኔ አልገባኝም እንጂ… ምስኪን፣ እሱማ ነግሮኝ ነበር።

የአየር ማጽጃዬም የእሷ ምርጫ ነው። መጥፎ ሽታ ሲያገኝ ቀይ መብራት ያበራል። ታምኚኛለሽ፣ እሷ ልትጠይቀኝ በገባች ቁጥር ቦግ! «አሳ ጠብሰሽ ነዋ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አሳ ሳልጠብስ… እሺ ይሁን፣ ጠብሼ ይሆናል። መቼም ማሽን ይሳሳታል፤ የማይሳሳተው ሰው ነው።

እና ወደ ጃፓን፣ ኦሳካ እህቴ ጋ ልበር ስል ከማን ጋር ልሂድ? ከእሷ ጋር ነዋ! እህቴን ቦንሬን ፎቶዋን አሳይቼሻለሁ አይደል? ታላቄን። ሰላሳ አንድ ዓመት አልተያየንም። እናታችን ስትሞት አልመጣችም፣ እኔም ተቀይሜ ስልኳን አላነሳ አልኩ፣ እሷም ተቀይማ መደወል ተወች፤ እልህ እልህን እየወለደ አረጀን። በስንት ጊዜዋ ደወለችና «ፒልሬ፣ ነይ። ለምን እንዳልመጣሁ ፊት ለፊት ልንገርሽ። የእናታችንንም ወለባ በእጄ ልስጥሽ» አለችኝ። የብር ወለባ ነው፣ እናቴ ጉንጉኗ ላይ የምትሰካው። ልጅ ሆኜ ገበያ ስንሄድ እንዳልጠፋ ከኋላ እሱን እያየሁ ነበር የምከተላት። ሌላ ምንም ነገር የላትም ነበር፣ እሱ ብቻ ነበር ያላት።

ወዳጄ መቼም ደግ አይደለች? «ብቻሽን አትችይውም፣ እኔ አደርስሻለሁ» አለች። እንዳንጠፋፋ ብላ አንድ ዓይነት ሐምራዊ ጃኬት ገዛች፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሷ። እኔም ለቦንሬ «ሐምራዊ ጃኬት የለበሰች ሴት ስታዪ እኔ ነኝ» ብዬ ነገርኳት። ቦንሬ ዓይኗ ላይ ሞራ አለባት፣ ሰው ሳይሆን ቀለም ነው የሚታያት። አየሽ? ምንም ያልታሰበበት ነገር አልነበረም።

ጊምሄ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። አሁን በፓወር ባንክ ጠንክረዋል አይደል? «በላስቲክ አድርጋችሁ በእጃችሁ ያዙ፣ ከራስ በላይ ያለው እቃ ማስቀመጫ ውስጥ አይቀመጥም» ይላሉ። የእሷ ደግሞ ጡብ ነው የሚያክለው፤ ትንሽ ነገር አትወድም። እና ከራስ በላይ አይቀመጥም ሲሏት ምን አደረገች መሰለሽ? ከእግር በታች አስቀመጠችው! ሻንጣ የሚጫነው ከወለሉ ስር አይደል? ሕግ ማክበር ማለት ይሄ ነው! በራሷ ሻንጣ ግን አይደለም፣ የእሷ በክሬምና በቅባት ሞልቷል። በካልሲ ጠቅልላ በእኔ ሻንጣ፣ ለቦንሬ ሾርባ በያዝኩት የጊጃንግ የባህር ቅጠል መሃል ሸጎጠችው። ሳትነግረኝ። እንዳልጨነቅ ብላ እኮ ነው! አንቺ እንዲህ የሚያስብልሽ ጓደኛ አለሽ? የለሽም። ታድለሻል… ማለቴ፣ አልታደልሽም።

ሻንጣ ስታስረክቢ «መመርመሪያውን እስኪያልፍ አምስት ደቂቃ እዚሁ ጠብቁ» ይሉሻል። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። እሷ ግን «ይሄ ከገጠር ለመጡት ነው» ብላ እጄን ጎትታ ይዛኝ ሄደች። የሽቶው ሱቅ የሚዘጋ ይመስል! የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ። ተረቱ ትንሽ ይስተካከል ባይ ነኝ፤ ቸኳይዋ እሷ፣ ለቃሚዋ እኔ።

አውሮፕላኑ መግቢያ ልንደርስ ስንል ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። «ሂጂ፣ አንድ ወረቀት ያስፈርሙሽና ትመለሻለሽ» አለችኝና ባቄላዎቿን ጆሮዋ ውስጥ ሰካች። ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ ተመልሼ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። ለግላጋ ወጣት ፊት የውስጥ ልብሴ ወጣ፣ የባህር ቅጠሉ ወጣ፣ ካልሲው ወጣ… ከካልሲው ውስጥ ጡቡ ወጣ! «የእርስዎ ነው?» አለኝ። ምን ልበል? ጓደኛ ይከዳል? «የኔ ነው» አልኩ። «ለምን በካልሲ አደረጉት?» «እግር ለማሞቂያ ነው» አልኩት! ሳቂ፣ ሳቂ፣ እሱም እስኪያለቅስ ስቋል። ግን ወረቀቱን እየሳቀም ቢሆን ሦስት ቦታ ነው ያስሞላኝ።

ደወልኩላት። ደግሜ ደወልኩላት። በኋላ ስትነግረኝ «ሙዚቃ ላይ ነበርኩ፤ ይሄ ማዳመጫ እኮ የአውሮፕላን ሞተር እንኳ አያስገባም» አለችኝ። አላጋነነችም። አውሮፕላኑ ሄደ፣ እሷም ሄደች። እኔ ሐምራዊ ጃኬቴን ለብሼ፣ የሰው ካልሲ ይዤ ጊምሄ ቀረሁ።

ለቦንሬ ብደውል የቤቷ ስልክ አይሠራም። ለካ «እህቴ ከመጣች ሌላ ማን እንዲደውልልኝ ነው!» ብላ ነቅላዋለች። በማግስቱ ጠዋት በረርኩ፣ ደረስኩ፣ በሯን አንኳኳሁ። ከፈተች። «ማን ልበል?» «ፒልሬ ነኝ።» «ፒልሬማ ትናንት መጥታለች» አለችኝ፣ ኦክሪምዬ! ደጅ ላይ ቆሜ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። በሳቄ ነው ያወቀችኝ። እናታችን እንደዚህ ነበር የምትስቀው።

ከዚያማ ነገረችኝ። ኦሳካ አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ ስትጠብቅ ሐምራዊ ጃኬት ሲወጣ አይታ ሮጣ አቀፈች፣ ተንሰቀሰቀች፣ ጎትታ እቤቷ ወሰደች። ወዳጄ ግን ምን አለች? «የሆቴሉ መስተንግዶ መስሎኝ ነው» አለችኝ! እውነቷን ነው እኮ፤ ሆቴል ስትደርሺ አንገትሽ ላይ ተጠምጥመው አያለቅሱልሽም?

ከምሳ እስከ እራት ቦንሬ አወራች። ለቀብር ለምን እንዳልመጣች፣ ሰላሳ አንድ ዓመት በሆዷ የያዘችውን፣ አንድ ሳታስቀር። ያቺኛዋ ደግሞ ፈገግ ብላ፣ ራሷን እየነቀነቀች… ሦስት ሳህን በላች። «ይቅር ብለሽኛል?» ስትላት ነቀነቀች። ቦንሬም አልቅሳ አልቅሳ ወለባውን አምጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። እሷም ወለባውን ይዛ ማታውኑ ወደ ሆቴሏ ሄደች። «እንዴት ያለች አዳማጭ መሰለችሽ! አንድም ቃል አላቋረጠችኝም። አንቺማ ከልጅነትሽም ታቋርጪኝ ነበር» አለችኝ ቦንሬ።

«እስቲ ለእኔም ንገሪኝ» አልኳት። «ፒልሬ፣ አንዴ ነው አቅም ያገኘሁት። ሁለተኛ ልናገረው አልችልም» አለችኝ። እሱ… እሱ አመመኝ። ሌላው ሁሉ ያስቃል፣ ይሄ ብቻ እስካሁን ያመኛል።

ወዳጄን ስጠይቃትማ «አንድም ቃል አልሰማሁም፣ ባቄላዎቹ ጆሮዬ ውስጥ ነበሩ፤ አሮጊት ስታወራ ለአክብሮት ነው የነቀነቅኩት» አለች። አምኛታለሁ! ግን አንቺ እቃ የምታውቂ ነሽ፣ እስቲ አስረጂኝ። ይሄ ምን ዓይነት ድንቅ እቃ ነው? «ፒልሬ ነሽ ወይ?» ሲሉ ይደፍናል፣ «ብዪ» ሲሉ ይከፍታል። «ይቅርታ» ሲሉ ይደፍናል፣ «እንኪ» ሲሉ ይከፍታል! ስንት ቢሸጡት ነው? ሁለት ልግዛ! ድሮ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል ነበር፤ የዘንድሮ ጆሮ ለባለቤቱ ዘመድ ሆኗል።

ወለባውስ? «ሻንጣዬ ውስጥ የሆነ ቦታ ይኖራል፣ እፈልገዋለሁ» አለችኝ። ይኸው አራት ወር ሆናት፣ እየፈለገች ነው። ከመቶ ማቀዝቀዣ መሃል አንዱን በሦስት ደቂቃ የምትመርጥ ሴት! የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ስለ ብር ግን የተባለ ነገር የለም፣ በዚህም እውነት አላት። እኔን የሚገርመኝ፣ ፀጉሯ እንደኔ አጭር ጥቅልል ነው፣ ጉንጉን የላት… የት ሰክታው ይሆን? ኧረ አትሳቂ፣ ቢጎዲኑ ይፈታብኛል!

ውይ፣ ያቺ ጥጉ ጋ ያለችው ለምን እንዲህ ቀላች? ካስኩ በዝቶባት ነው፣ ቀንሽላት እንጂ። የተኛ ሰው ሲያቃጥለው አይናገር።

ቅዳሜ የሚመጣው እንግዳዬ ማን መሰለሽ? ቦንሬ ናት! ዓይኗን አስታከመች፣ ሞራው ተገፈፈላት፤ አሁን ጋዜጣ ታነባለች። ትናንት በስልክ ምን አለችኝ? «ወለባውን ፀጉርሽ ላይ ሰክቼ ልይሽ። ያችንም ደግ አዳማጭ አገናኚኝ፣ ፊቷን በደንብ ማየት እፈልጋለሁ።» እዚሁ አንቺ ጋ ላመጣት ነው። ሁላችንም የምንገኘው እዚህ አይደል?

ደረሰልኝ? ልታጥቢኝ ነው? እሺ። ቦርሳዬን እዚህ ወንበሩ ላይ ልተወው። ዚፑ ተበላሽቷል፣ አይዘጋም… ምን ይወሰዳል ብለሽ ነው? ካልሲ ነው ያለው። አዎ፣ ያ ካልሲ! ለባለቤቱ ልመልስ ብዬ ይዤው እዞራለሁ። እኔ እንደሁ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ይገባል፤ አንቺም ጀርባሽን ሰጥተሽ ነው የምትቆሚው። አትቸኩዪ። ቀስ ብለሽ እጠቢኝ።

እሰይ… ለብ ያለ ውሃ እንዴት ደስ ይላል። ከጆሮዬ ጀርባም ፈተግ ፈተግ አድርጊልኝ። … በቃ? ፎጣ አቀብይኝ። ቦርሳዬንም።

… ኦክሪም።

ካልሲው ውስጥ አንድ ነገር አለ። ቀጭን… ቀዝቃዛ። እናቴ! እናቴን! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነው መሰለኝ፣ ያዢኝ። ማን ከተተው? እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሰማይ ሥራ ነው! ያቺማ እንደተኛች ናት። እርግጥ ካስኩ ተገልጧል፣ አንድ ቢጎዲንም ከቦርሳዬ አጠገብ ወድቋል… የተኛ ሰው መቼም ይገላበጣል።

ወለባው መጣ። የቦንሬ ቃል ግን ካልሲ ውስጥ አይገባም፤ እሱ አይመለስም። ይሁን።

በይ አሁን ያችን ሩቋን ወዳጄን ልመርቃት፣ አንቺም ከልብሽ አሜን በይ። እድሜዋ ይርዘም። ጥርሷ አይነቃነቅ፣ የምትበላው አይጉደልባት። ልጆቿ ከሴኡልም ከባህር ማዶም አንድ ሳይቀሩ ይሰብሰቡላት፣ ዙሪያዋን ከበው ይቀመጡ። በሆዷ የያዘችውን ሁሉ ዘርግፋ ትንገራቸው፣ ይቅር በሉኝ የምትለውም ካለ ታልቅስላቸው። እነሱም፣ እሷ እህቴን እንዳዳመጠቻት አድርገው ያዳምጧት… ፈገግ ብለው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ አንድም ቃል ሳያቋርጧት።