ስለ ሃያ አራቱ ባዶ ሲሊንደሮች የተሰጠ ተጨማሪ ቃል

የምስክር ቃል መቀበያ

የቃል ሰጪው ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የተመለከተ፤ በሥራ ቦታው «ብረቱ» በመባል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ ሃምሳ ዘጠኝ (ቃል ሰጪው «ከዚያ አይበልጥም» ብለዋል)
ሥራ፦ በሆስፒታል የኦክስጅን መጋዘን የሲሊንደር ተሸካሚ
የትምህርት ደረጃ፦ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ የኋላ በር ፊት ለፊት፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጎን፣ ሁለተኛው ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡40
ቃሉን የተቀበለው፦ የምርመራ ክፍል ተረኛ ሳጅን

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ቃል ሰጪ ማንም ሳይጠራኝ በእግሬ መጥቼ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በዚሁ ጣቢያ በሆስፒታላችን ተኝቶ ስለሞተው ልብስ ሰፊ ተጠይቄ «እኔ ተሸካሚ ነኝ፤ የማውቀው ነገር የለም» ብዬ አሻራዬን አኑሬ ነበር። ያ ቃል ውሸት ነው። በዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ በወረቀት ላይ ግን ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። በዚያ ውሸት ምክንያት የመጋዘን ጸሐፊያችን ከኦክስጅን ፋብሪካው መኪና ሾፌር ጋር ተስማምታ ኦክስጅን ሸጣለች ተብላ ከታሰረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ልጅቱ ምንም አልሸጠችም። አሁን ስገባ እናቷ የእሷን ሕፃን ታቅፋ፣ ገብቶ እንዲጠባ እንዲፈቀድለት በጣቢያው በር ላይ ወረፋ ስትጠብቅ አይቻታለሁ። ሰላም ብላኛለች።

በሆስፒታሉ የሠራሁት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነው። ሥራዬ የኦክስጅን ሲሊንደር ከመኪና ማውረድ፣ በመጋዘን ማቆምና ወደ ሕሙማን ክፍል ማድረስ ነው። ሲሊንደር በጫንቃ አይያዝም። አንገቱን ይዘው ዘንበል ያደርጉትና በታችኛው ከንፈሩ ላይ እያሽከረከሩ ይነዱታል። ሙሉውና ባዶው በመልክ አንድ ነው፤ በክብደት ግን የአንድ ዓመት ሕፃን ያህል ይለያያሉ። አየር ምን ክብደት አለው የሚል ካለ መጥቶ ይሞክር። እኔ ዘንበል ሳደርገው እጄ ያውቀዋል። በሃያ ዘጠኝ ዓመት እጄ ስቶ አያውቅም። ይህ ጉራ አይደለም፤ እንዳለ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ዱሮ ሙሉውን በቀኝ፣ ባዶውን በግራ አቆም ነበር፤ በባዶው አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ አስር ነበር። ስንት ቀረ የሚል ሐኪምም ሆነ ኃላፊ ሲመጣ «ብረቱን ጠይቁት» ነበር የሚባለው። እኔም እነግራቸው ነበር፤ መዝገብ የገለጠ ሰው አልነበረም።

ኮምፒውተሩ የገባው የዛሬ ዓመት ግድም ነው። በየሲሊንደሩ ሆድ ላይ ባለ ጥቁር መስመር ወረቀት ተለጠፈ። ጸሐፊዋ በእጅ የሚያዘውን ማንበቢያ ስታስጠጋው «ጢጥ» ይላል፤ የገባውና የወጣው፣ ሙሉውና ባዶው በስክሪኑ ላይ ይታያል። የመጋዘኑ ኃላፊ ከእንግዲህ ቀኝና ግራ፣ ቀይ ጨርቅ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ በተገኘው ቦታ ይቁም አለ። እኔ ማሽኑን አልጠላሁትም። ያስቸገረን ወረቀቱ ዝቅ ብሎ መለጠፉ ነው። ጸሐፊዋ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሃያ አራት ጊዜ ማጎንበስ ለእሷ፣ ወረቀቱ እንዲታያት ሃያ አራት ብረት ማዞርም ለእኔ ወገብ የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ዘዴ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የወረቀቶቹን ሁሉ ቅጂ አትማ በአንድ ጣውላ ላይ እንድትለጥፍና ጣውላውን በጠረጴዛዋ አጠገብ እንድንሰቅለው ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ መኪና ሲመጣ የሾፌሩን ዝርዝር እያየች፣ ቁጭ ብላ ጣውላውን ታነባለች፤ እኔ አወርዳለሁ። ኃላፊው አይቶ «ይኼ ነው ጭንቅላት» ብሎ አመሰገነ። ያመሰገነው እሷን ነው። ጣውላው የተሰቀለበት ምስማር እንኳ ከቤቴ የመጣ ነው።

የዛሬ ሦስት ወር ገደማ አንድ ሲሊንደር ወደ ክፍል ልወስድ ዘንበል ሳደርገው ቀለለኝ። ባዶ ነው አልኩ። ኃላፊው ስክሪኑን አይቶ ሙሉ ነው አለ። ደግሜ ባዶ ነው ስል፣ ተሸካሚዎችና ጽዳት ሠራተኞች ባሉበት «ኮምፒውተሩን ልመን ወይስ ያንተን ወገብ?» አለኝ። አንተ ነው የሚለኝ፤ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው። ሰዉ ሳቀ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ «ብረቱ ዛገ» አለ፤ ያም ተለጥፎብኝ ቀረ። ሲሊንደሩን ወስጄ ለሲስተሯ ሰጠኋት፤ ገጥማ ሞክራ ባዶ ነው ብላ መለሰችው። ይቅርታ ያለኝ የለም። በዚያ ቀን ሁለተኛ ላልናገር ለራሴ ማልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

ሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት አካባቢ የኦክስጅን ፋብሪካው መኪና ሃያ አራት ሲሊንደር ይዞ መጣ። ኋላ እንደሰማሁት የፋብሪካው ጫኞች ተሞልቶ የተዘጋጀውን ረድፍ ትተው፣ ገና ተራ የሚጠብቀውን የእኛኑ ባዶ ረድፍ ጭነው ልከዋል። ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ግን የተሞሉት ቁጥር ነው። ጸሐፊዋ የቆመውን ሲሊንደር ሆድ አንብባ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ይህ ቁጥር በዝርዝሩ የለም ብሎ ይጮህ ነበር። ያነበበችው የእኔን ጣውላ ነው።

የመጀመሪያውን አንገት ይዤ ዘንበል ሳደርገው ቀለለኝ። ሁለተኛውም ቀለለኝ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ነገሩ ገብቶኛል። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል፤ ጸሐፊዋ ጣውላውን ታነባለች፤ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል፤ እኔ ባዶ ብረት እየነዳሁ በፊቷ አልፋለሁ። ሃያ አራቱንም «ሙሉ» ብላ አስገባቻቸው።

እያወቁ ለምን ዝም አሉ ተብዬ ስጠየቅ፣ ኃላፊው በሰው ፊት እንዲያፍር ስለፈለግሁ ነው። ሰው እንዲሞት አልፈለግሁም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቅዳሜ ያደረስኳቸው ሙሉ ሲሊንደሮች ነበሩ። በመጋዘኑም አራት ሙሉ ተርፈው ነበር፤ እነሱን ለይቼ በኋላ በር አጠገብ ባለው ጥግ አቆምኳቸው። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ከክፍሉ ሲጠሩ ኃላፊው አንዱን ይከፍታል፣ ባዶ ነው፤ ሌላውን ይከፍታል፣ ባዶ ነው፤ ሰው ይሰበሰባል። ያን ጊዜ እኔ ሙሉውን ከጥጉ እየነዳሁ በመካከላቸው አልፋለሁ። የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ማክሰኞ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ አልገባሁም።

ረቡዕ ከጠዋቱ 4፡10 ሲሆን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲስተር በስልክ ደወለች። ጸሐፊዋ ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ፤ ሲስተሯ «አባባ፣ አልጋ ሦስት ያለው ሲሊንደር ጌጁ ወርዷል፣ ሊያልቅ ነው፤ ቶሎ ያምጡልኝ» አለች። አልጋ ሦስት ላይ የተኛው ልብስ ሰፊው ነው። አውቀዋለሁ። አሁን የለበስኩትን የዚህን ካፖርት ኮሌታ ገልብጦ የሰፋልኝ እሱ ነው። ሳንባው ታሞ ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነበር፤ እየተሻለው ነው ተብሎም ነበር። የኃላፊውን ማፈር ለሌላ ቀን ትቼ ቀጥታ ወደ ጥጉ ሄድኩ። ጥጉ ባዶ ነው። በሲሚንቶው ላይ አራት ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

በመጋዘኑ ስዞር ኃላፊው ከቢሮው ወጥቶ «ሃያ አራት ሙሉ ቆሞ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። «ጥግ ያሉት አራቱ የት ገቡ?» አልኩት። «ትናንት ከተማው ዳር ያለው ማዋለጃ ጣቢያ ጠይቆን ላክንለት። ሃያ ስምንት ነበረ፣ ሃያ አራት አለ፤ አንዱን ይዘህ ውጣ» አለ። የላኩትም ለመኪና ቅርብ የሆኑትን፣ በኋላ በር ያሉትን ነው። «ሃያ አራቱም ባዶ ናቸው» አልኩት። «ስክሪኑን እይ» አለኝ። «እኔ ስክሪን አላነብም፤ አንተ ና ይኼን አዘንብል» አልኩት።

አላዘነበለም፤ መክፈቻውን ግን አዞረው። ሙሉ ሲሊንደር ሲከፈት እንደተቆጣ ድመት ይነፋል። አልነፋም። ቀጥሎ ያለውን አዞረ። ጸሐፊዋም ከጠረጴዛዋ ተነስታ በሌላው ረድፍ መክፈት ጀመረች። እኔም ከፈትኩ፤ ባዶ መሆናቸውን እያወቅሁ ከፈትኩ፤ ምናልባት በዕድሜዬ አንዴ እጄ ስቶ ይሆናል ብዬ። አልሳተም። ኃላፊው ሰባተኛውን ከፍቶ ሳይዘጋው ወደ ስምንተኛው አለፈ። ያሰብኩት ሁሉ በፊቴ ሆነ፤ ሰውም ተሰብስቧል፤ ያዘጋጀሁትን ንግግር ግን አንዱንም ቃል አላገኘሁትም።

ኃላፊው ወደ ማዋለጃ ጣቢያው ደውሎ መኪና ላከ። ሰዓቱ 4፡20 ይሆናል። እኔ ወደ ክፍሉ ወጣሁ። ሲስተሯ ሲሊንደር አለመያዜን አይታ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። ፊቱ ላይ በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ፊኛ ይዛ ትጨምቃለች፤ ሲደክማት ሌላዋ ትቀበላታለች። የልብስ ሰፊው ሚስት እግሩን ይዛ ቆማለች። እኔን ስታየኝ «መጣልህ፣ ብረቱ መጣልህ» አለችው። ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም፤ ወርጄ በር ላይ መኪናውን ጠበቅሁ።

መኪናው የተመለሰው 4፡52 ላይ ነው። የመጀመሪያውን ከመኪናው ወለል ላይ ስጎትተው ሙሉ መሆኑን አወቅሁ። ወደ ክፍሉ የሚወስደውን ዳገት ማንም ሳያግዘኝ ነዳሁት። በሩ ላይ ስደርስ ሲስተሯ ወደ እኔ መጥታ እጇን ሲሊንደሩ ላይ አደረገችና «አባባ፣ ቀስ ይበሉ፤ አያስፈልግም» አለችኝ።

ከምሳ በኋላ፣ ወደዚህ ከመጠራቴ በፊት፣ ኃላፊው ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን ድረስ መጣ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አለኝ። «አባቴ፣ እርስዎ አልተማሩም፤ ማንም እርስዎን ተጠያቂ አያደርግም። ጽሕፈቱ የእሷ ነው። አላውቅም ይበሉ፤ ጡረታዎን ይዘው በሰላም ይውጡ» አለኝ። በሃያ ዘጠኝ ዓመት አለመማሬን ለእኔ የሚጠቅም አድርጎ ያቀረበልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። እኔም ተቀበልኩት። ወደ ጣቢያው መጥቼ አላውቅም አልኩ። ዛሬ የምለው ግን ፊደል አለማወቅ ሌላ፣ ብረት አለማወቅ ሌላ ነው። ፊደል አላውቅም። ብረቱን አውቅ ነበር።

ሰኞ ዕለት ጸሐፊዋ ስለ ሲሊንደሮቹ የጠየቀችዎት ነገር ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ እሷ በሰጠችው ቃል «ማንንም አልጠየቅሁም፤ በራሴ ነው ያስገባሁት» ማለቷን ሳጅኑ ነግሮኛል። ይህ እኔን ለማዳን የተነገረ ስለሆነ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ኮምፒውተሩ ከገባ ወዲህ በዚያ ሆስፒታል እኔን የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ነበር፤ እሷ ግን አልተወችኝም፤ መኪና በመጣ ቁጥር ትጠይቀኛለች። ሰኞም መኪናው ከወጣ በኋላ ማንበቢያውን እንደያዘች ዞር ብላ «አባባ፣ ደህና ናቸው አይደል?» ብላ ጠይቃኛለች። ቢያንስ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ያኔውኑ ከሙሉዎቹ መዝገብ ታወጣቸው ነበር። እኔ የመለስኩላት «ማሽንሽን ጠይቂው» ብዬ ነው። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች፤ ሻይም ቀዳችልኝ፤ ጠጣሁ።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ነው። ፊደል ስለማላውቅ ሳጅኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ አንብቦልኛል። በመጀመሪያው ንባብ ስለ እኔ «በቸልተኝነት ሳይናገር ቀርቷል» የሚል ሰምቼ እንዲሰረዝ አድርጌያለሁ። ሳጅኑ ለእርስዎ የሚሻለው ይኸኛው ነው ብሎ መክሮኛል። በሥራዬ አንድም ቀን ቸልተኛ ሆኜ አላውቅም። እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት፤ እንዲሁ እንዲጻፍ አድርጌ፣ ተጽፎም መነበቡን ሰምቼ፣ እውነት ስለመሆኑ አሻራዬን አኑሬያለሁ።

የቃል ሰጪው የቀኝ አውራ ጣት አሻራ፦ (አለ)
ሲነበብ የሰማ እማኝ፣ የጣቢያው መዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው ተረኛ ሳጅን፦ (ፊርማ)
ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡35