የልጆቹ ኳስና የባለሀብቱ በግ

(ኮምቦልቻ፣ ከሰፈሩ ሜዳ ጎን ባለች የቆርቆሮ ቢሮ። የታዳጊዎች እግር ኳስ ሊግ ሰብሳቢ ጋሽ ይመር፣ የፍጻሜው ጨዋታ ዋዜማ ላይ፣ ገንዘብ ያዧን ዘምዘምን ቼክ ጻፊልኝ እያሉ ይወተውታሉ።)

ይመር፦ አትጨቅጭቂኝ፣ ዘምዙ። ለበግና ለካባ ብለሽ ጻፊና ስጪኝ።

ዘምዘም፦ ያ ብር እኮ የሜዳው ኪራይና የዳኞቹ አበል ነው፣ ጋሽ ይመር። እሱ ከወጣ ነገ ፍጻሜ የለም።

ይመር፦ ነገ አቶ ኑርልኝ ሊያየን ይመጣል። ባለሀብት እንዲሁ ይሸኛል እንዴ? ካባ እናለብሰዋለን፣ ምሳ እናበላዋለን፣ ከዚያ እጁ ይፈታል።

ዘምዘም፦ አምናም እንዲሁ ብለን ነበር። ኳስ ግዙበት ብሎ የሰጠንን ብር ለራሱ ማመስገኛ ጨረስነው። ልጆቹ ዘንድሮም የተጣፈ ኳስ ነው የሚራገጡት።

ይመር፦ ዘንድሮ የሁሉንም ማሊያ እኔ እችላለሁ ብሏል።

ዘምዘም፦ ላም አለኝ በሰማይ።

ይመር፦ ደሞስ ብቻዬን በላሁ? ኮሚቴው በሙሉ አልነበረም?

ዘምዘም፦ ነበረ እንጂ። ልጆቹም በአጥሩ ቀዳዳ ያዩን ነበር፣ በውሃ ጥም ደርቀው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብለን ነዋ።

ይመር፦ ሌባ እያልሽኝ ነው?

ዘምዘም፦ ሌባማ ተደብቆ ነው የሚበላው። እኛ ድንኳን ተክለን ነው።

ይመር፦ ከዚያ ሜዳ ላይ ድንጋዩን የለቀምኩት እኮ በዚህ ወገቤ ነው።

ዘምዘም፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የሚያሳዝኑኝ።

ይመር፦ በጉን በዱቤ አምጥቼዋለሁ፣ ካባውም ተሰፍቷል። ሰው ፊት አታዋርጂኝ። ዳኞቹን በነጻ አጫውቱልን ብለን እንለምናቸው።

ዘምዘም፦ አምና ለምነን ማን መጣ? ዳኛ ጠፍቶ ሁለቱ ሰፈሮች በድንጋይ ተፈነካከቱ። የእትዬ ሐዋ ልጅ ዛሬም በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው።

ይመር፦ እሱን አታንሺብኝ።

ዘምዘም፦ ላንሳ እንጂ። እናቱን በየቀኑ የማገኛት እኔ ነኝ።

ይመር፦ ... ለእኔ ስትይ፣ ልጄ። የመጨረሻዬ ነው።

ዘምዘም፦ ብሩ የለም። ለሜዳውና ለዳኞቹ ዛሬ ጠዋት ከፈልኩ።

ይመር፦ ያለ እኔ ፊርማ? ባንኩስ እንዴት ሰጠሽ?

ዘምዘም፦ ክረምት ላይ እዚህ መመላለሱ ሰልችቶዎት ባዶ ቼኮች ላይ ፈርመው ሰጥተውኝ አልነበር? አንዷ ተርፋ ነበር። እኔ የጨመርኩባት ሜዳውንና ዳኞቹን ብቻ ነው።