ጎተራ የማይገባው ጉልበት

ሐጂ ኑሪ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ፣ የታቦር ተራራን ቁልቁለት ሳይጨርሱ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። ድንገት ቀና ሲሉ የጎረቤታቸው የሽታዬ ልጅ ሩሐማ በብስክሌት ከትልቅ ድንጋይ ላይ ስትዘል አዩ። ሽታዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለ ሐጂ ምክር አንድ ነገር አትወስንም። ይህ ብስክሌት ይሸጥ አይሸጥ የሚለውንም ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ሊነግሯት ቃል ገብተዋል። መልሱንም ቆርጠውት ነበር፤ ይሸጥ።

ሩሐማ ወርዳ እጅ ነሣች። ሐጂ የልባቸውን መደበቅ አያውቁበትምና ውሳኔያቸውን እዚያው ነገሯት። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማር፣ ጨዋ ልጅ ናት። ፊቷ ቢጠቁርም አልተቆጣችም፤ ምክንያቱን ብቻ ጠየቀች።

«ልጄ፣ ጉልበት እንደ ጎተራ እህል ነው፤ አላህ ሰፍሮ ነው የሚሰጠን። በልጅነቱ የበተነ ሰው በእርጅናው ይቸገራል። እኔ ፒያሳ እህል መነገድ ከጀመርኩ ወዲህ ቁጭ ብድግ ብዬ ጆንያ አንሥቼ አላውቅም። እግሬን ለእርጅናዬ ቆጥቤ በወገቤ ነው የማነሣው።»

«ወገብዎስ እንዴት ነው ሐጂ?»

የሐጂ እጅ አሁንም ወገባቸው ላይ ነበር።

ሩሐማ ማረፊያ ድንጋይ ጠርጋ አስቀመጠቻቸውና መጀመሪያ የጀማሪዎችን ስህተት አሳየቻቸው። ብስክሌቱ ላይ ሆና በክንዷ ብቻ ልታነሣው ታገለች፤ ጎማው ትንሽ ከፍ ብሎ ተመለሰ፣ እሷም አለከለከች። ቀጥላ ፔዳሉ ላይ ቆማ፣ ፍሬን ይዛ ዝቅ አለችና ተስፈንጥራ ከነብስክሌቱ ትልቁ ድንጋይ ላይ ጉብ አለች።

«ከፍታው ያው፣ ክብደቴም ያው ስለሆነ በክንድም ሆነ በእግር ሥራው አልተለወጠም» አለች። «ግን ባንድ ቅጽበት ማለቅ አለበት። ቀስ ብዬ ልውጣ ብል ጎማው ተንሸራቶ ይመልሰኛል። ያን ሁሉ ሥራ በቅጽበት መጨረስ ክንዴ አይችልም፣ እግሬ ይችላል። መጀመሪያ በእግሬ ገፍቼ ሰውነቴን አነሣለሁ፤ ከዚያ ሳይክሉን ከሥሬ እስበዋለሁ፣ እሱ ከእኔ ይቀላል።»

«አይደክምሽም?»

«ይደክመኛል እንጂ። በየዝላዩ መሐል ቆሜ አርፋለሁ፤ በልቼ ተኝቼ ስነሣ ጉልበቴ ይመለሳል፣ እንዲያውም ይጨምራል። እህልስ ቢሆን ሐጂ፣ ተቆልፎበት ሲኖር ይነቅዝ የለም?»

ሐጂ ሳቁ። ነገርን ነገር ያነሣዋልና የወፍጮ ቤት ተሸካሚ የነበሩበት ዘመን ትዝ አላቸው። ያኔ ዝቅ ብለው በእግራቸው እየገፉ ጆንያውን ትከሻቸው ላይ ሲያደርጉ፣ ወገብ እንዳላቸው እንኳ አያውቁም ነበር። የጎተራውን ነገር ያወረሷቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂም ሳይመረምሩ ተቀበሉት። ስንቱን ምክር እንዲህ በጭፍን ተቀብለን እንጎብጣለን!

ከመግሪብ በኋላ ሽታዬ የገዢውን ስልክ ቁጥር ይዛ ቤቷ ጠበቀቻቸው።

«አይሸጥ» አሉ ሐጂ አንዲት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው። «ልጅሽ ሸክም በምን እንደሚነሣና መቼ እንደሚታረፍ እየተማረች ነው። ይህን ያወቀ ሰው በሥራም ቢሆን ወገቡን አይሰብርም። እኔ የምለው ሄልሜቷን አጥብቃ ትሰር ብቻ ነው።»

ሽታዬ ግራ ገባት። «ጉልበት ጎተራ ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ብዬ ነበር። ዛሬ ከፍቼ ባየው ነቅዟል።»

ሩሐማ ከበሩ ጀርባ ትሰማ ነበርና እፎይ አለች። ሐጂ ሊሄዱ ሲሉ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ወገባቸው ሄደ። መለሱት። እግራቸውን ወደ ራሳቸው ሰብሰብ አድርገው፣ ወለሉን ገፍተው፣ ከዝቅተኛዋ በርጩማ ማንንም ሳይደገፉ ተነሡ።