«ሌንስ የለም»

ከካፉሪ ወደ ሐጅ ዩሱፍ በሚሄደው ሃፍላ፣ የከተማው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ሴትዮና ካሜራ የያዘ ወጣት በአማርኛ ያወራሉ።

«ካሜራው አዲስ፣ ሌንሱ አሮጌ! እንዴት ገጠመልህ?»

«በማገናኛ ቀለበት ነው፣ እትዬ። ሌንሱ የወንድሜ ነው። ወደ ሊቢያ ሲሄድ ከፊልም ካሜራው ፈትቶ ሰጠኝ።»

«ይሠራል?»

«ካሜራው አያውቀውም። ‹ሌንስ የለም› ብሎ ይጽፋል።»

«ታዲያ እንዴት ታነሳለህ?»

«ባይኖርም አንሳ እለዋለሁ። ፎከሱን በእጄ እያዞርኩ አስተካክላለሁ።»

«ወንድምህስ ደረሰ?»

«ያሻገሩትን ሰዎች ስጠይቅ እነሱም ‹የለም› ይሉኛል።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ያላ፣ በሱ አንሳኝ። ሲመጣ ታሳየዋለህ፣ ኢንሻአላህ።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ፎከሱን እስኪያስተካክል ግን ከኋላዋ ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ።