የብርክቲ ሳርና የመይሙና ግድግዳ

አቶ ሀጎስ በዚያ ቀን ልደታ ማርያምን ተሳልመው በቀጥታ ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልተነሣ ነበር። ዳሩ ግን ሰው የሐሳቡ ተገዢ ነውና እግራቸው ወደ ተክለ ሃይማኖት ሱቆች መራቸው። የባለቤታቸው የብርክቲ ሙት ዓመት እየተቃረበ ነበር፤ ብርክቲ በገዛ እጇ የተከለችው የግቢያቸው ሳር ደግሞ ቢጫ እየሆነ፣ ቦታ ቦታውም እየተመለጠ ሄዷል። ሴትዮዋ በመጨረሻዋ ሰሞን ከትራሷ ቀና ብላ «ሳሬን አደራ» ብላቸው ነበር። አደራ እንደ ሌላው ቃል በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ነገር አይደለም። አቶ ሀጎስ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ የሰው ንብረት በእጃቸው ሲጠፋ ማየት የማይችሉ ሰው ስለ ነበሩ የሳሩ መሞት እንቅልፍ ነሥቷቸዋል።

የውሃ ዕቃ የሚሸጠው ኩማ እየተሽከረከረ የሚረጭ የሳር ማጠጫ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረላቸውና ሆቴሎቹ የሚወስዱት ይኼንኑ መሆኑን ነገራቸው። በሱቁ ደጃፍ ላይ ደግሞ ከሲሚንቶ የተሠራ ፏፏቴ ቆሟል፤ ሦስት ሳህን ተደራርቦ ከላዩ አንበሳ ተቀምጦበታል። አቶ ሀጎስ ሁለቱንም በሐሳባቸው ወስደው ግቢያቸው ውስጥ ተከሏቸው። የሙት ዓመቱ እንግዶች ሲገቡ ሳሩ ለምልሞ፣ አንበሳው ውሃ ሲተፋ ታያቸው። ያን ጊዜ ብርክቲ ካለችበት ሆና ቅር እንደማትሰኝባቸው አሰቡ።

በዚህ መካከል የጎረቤታቸው የመይሙና ልጅ ጀነት የቧንቧ መገጣጠሚያ ልትገዛ ብቅ አለች። ጀነት የመስኖ ምሕንድስና ተምራ የሰው ግቢ በማስዋብ ሥራ የምትተዳደር ልጅ ናት። እጅ ነሥታ ሰላም ካለቻቸው በኋላ ምን ሊገዙ እንደ መጡ ጠየቀች፤ እሳቸውም ሳሩ ስለ ጠማው ይህንን ሊገዙለት መሆኑን ነገሯት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ የጠማው መሆኑን በምን አወቁ?» አለች።

«ቢጫ ሆኖ እያየሁት? የጠማውን ለመለየት ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል እንዴ?»

«የሰጠመ ሳርም ቢጫ ይሆናል። ሥሩ እንደ እኛ አየር ይፈልጋል። መሬቱ ዘወትር በውሃ ከተሞላ ታፍኖ ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ መልኩ የጠማውን ይመስላል።»

አቶ ሀጎስ ፊታቸውን አዞሩ። ትናንት በደጃቸው ስትቦርቅ የነበረች ልጅ በሰው ፊት ስታርማቸው ደስ አላላቸውም። ጀነት ግን ነገሩን በቀላሉ የምትተው አልነበረችም፤ ማጠጫውን አንሥታ አገላብጣ አየችውና ለኩማ መለሰችለት።

«ይህ መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም» አለች። «ዙሪያውን የሚረጨው ለሰፊ ሜዳ ነው። የእርስዎ ግቢ ጠባብና ረዘም ያለ ነው፤ ይኼ ሲሽከረከር ከሳሩ ይልቅ አጥሩንና ግድግዳውን ነው የሚያጠጣው። ደግሞ ለመሽከርከር ኃይል ያለው ውሃ ይፈልጋል። የእኛ ሠፈር ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሲመጣም እያነከሰ ነው። ግማሽ ክብ ብቻ የሚረጭ፣ በጥግ ተተክሎ ሩቡን ብቻ የሚረጭም አለ፤ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጡትና ፊቱን ወደ ሳሩ ያዞሩታል። ሰው ማጠጫ ከመምረጡ በፊት የግቢውን ስፋት፣ የውሃውን ጉልበትና የነፋሱን አቅጣጫ ማየት አለበት።»

«አንበሳውስ? አንበሳውም ነፋስ ይፈራል?» አሉ አቶ ሀጎስ በምፀት።

«አንበሳው ውሃ ሲጠፋ አፉን ከፍቶ ይቀራል። በሳህኖቹ ላይ የሚቆመው ውሃ ደግሞ የትንኝ ቤት ነው።»

ኩማ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ አለ። አቶ ሀጎስ ማጠጫውን ትተው፣ አንበሳውን ግን ለማንም እንዳይሸጥባቸው አስጠንቅቀው ወጡ። ጀነት ተከተለቻቸው፤ ሁለቱም መንገዳቸው ወደ ጌጃ ሰፈር ነበርና ክርክሩ በመንገድ ቀጠለ። እሳቸው የሚሉት ግልጽ ነው። ውሃ ሕይወት ነው፤ ሕይወት የበዛለት ነገር አይሞትም። ደግሞ የሰው እጅ ከማንም ማሽን ይበልጣል፣ ጎማ ይዞ ሲያጠጣ የትኛው ሥፍራ እንደ ጎደለው ያውቃልና። ልጅቱ በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ዛሬም ቧንቧውን ከፍተው ነው የወጡት?»

«ታዲያ ዘግቼ ልውጣ? ውሃው መጥቶ ቢሄድብኝስ?»

በዚህ ነገር ሽማግሌው ብቻቸውን አይወቀሱም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ቧንቧን ከፍቶ መውጣትም፣ ከፍቶ መተኛትም ወግ ከሆነ ቆይቷል። ሌላው ሰው ግን ከሥሩ ባልዲ ወይም ጀሪካን ያስቀምጣል፤ ሞልቶ ሲፈስ ድምፁን የሰማ ጎረቤት ይጮኽለታል። አቶ ሀጎስ ጎማውን ከብርክቲ ጽጌረዳ ሥር ያጋድሙትና ይሄዳሉ፤ ቤት የዋሉ እንደ ሆነ ደግሞ ውሃው በመጣ ሰዓት ሁሉ፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን፣ ጎማውን በእጃቸው ይዘው ያጠጣሉ። ሳር ሞላሁ ብሎ አይጮኽም።

ሲደርሱ ውሃው መጥቶ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደ መጣ ማንም አያውቅም፤ ግቢው ያብለጨልጫል፣ ከጽጌረዳው ሥር የተነሣው ውሃም ቁልቁል ተንሸራቶ በጎረቤት ግድግዳ ሥር ይገባል። ያ ግድግዳ የመይሙና ቤት ጀርባ ነው። ጭቃ ቤት ነው፤ መሬቱም ከእሳቸው ግቢ ዝቅ ይላል።

ጀነት ቧንቧውን ዘጋችና ከቦርሳዋ ረዘም ያለ ካቻቢቴ አወጣች። መሬቱ ላይ ስትጫነው ቅቤ ውስጥ እንደ ገባ ቢላዋ እስከ እጀታው ሰጠመ፤ ስትነቅለውም ጭቃ ተሸክሞ ወጣ። ካቻቢቴው እንዲህ እየገባ መሬት ውሃ አይፈልግም አለቻቸው፤ እምቢ ብሎ የቆመ ጊዜ ያጠጣሉ። ቀጥላም ዶማ ተቀብላ አንድ መዳፍ የሚያህል ሳር ገለበጠች። ሥሩ ጠቁሯል፣ ሽታውም የቆመ ቦይ ሽታ ነበር።

አቶ ሀጎስ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። ዓመቱን ሙሉ አደራ ጠበቅሁ ሲሉ የኖሩት አደራውን በገዛ እጃቸው ሲያፍኑ ነበር፤ ይህን ማወቅ የሚወዱትን ሰው ሁለተኛ እንደ መቅበር ሆነባቸው። ልጅቱ ግን ተስፋ ልትሰጣቸው ብላ መፍትሔውን መናገር ጀመረች። ውሃው በፈረቃው ጊዜ ሮቶ ውስጥ ይጠራቀም። ሮቶው ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። ለጽጌረዳው ቀዳዳ ያለው ቀጭን ጎማ ከሥሩ ይዘርጋ፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ብቻ ያገኛል። ሳሩን ደግሞ ግማሽ ክብ የሚረጩ ትናንሽ ማጠጫዎች ያዳርሱታል፤ የሮቶው ከፍታ ጉልበት ካነሰው አነስተኛ ፓምፕ ይታከልበታል። ሰዓት የሚሞላበት መክፈቻ ጎሕ ሲቀድ ይከፍተዋል፣ ፀሐይ ሳይበረታም ይዘጋዋል።

«አይሆንም» አሉ አቶ ሀጎስ።

«የቱ ነው የማይሆነው ጋሼ?»

«ማሽኑ ካጠጣላት እኔ ምን ልሠራ ነው?»

ጀነት ዘወር አለች። የእናቷን ግድግዳ አየች፣ እሳቸውን አየች፤ ሊነግሩት የከበደ ነገር በደረቷ እንዳለ ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ «እስቲ አንድ ጊዜ ወደ እኛ ቤት ይምጡልኝ» አለቻቸው።

ከለቅሶው ወዲህ መይሙና ቤት ገብተው አያውቁም። ሐዘን ጎረቤትን ያስረሳል፤ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ዓመት ሙሉ በመንገድ ሰላምታ ብቻ ተወስነው ነበር። ሲገቡ መይሙናን አልጋዋ ላይ በትራስ ተደግፋ አገኟት። አልጋው ድሮ በጀርባው ግድግዳ ጥግ ነበር፤ አሁን መተላለፊያ ዘግቶ በሩ ሥር ተደቅኗል። የጀርባው ግድግዳ ልስን ወደ ውስጥ ተወጥሮ ቆስሏል፣ ከሥሩ ጭዱ ይታያል፣ አረንጓዴ ሻጋታም እስከ ሰው ቁመት ወጥቶበታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ በአንደኛው ወገን ጽጌረዳ እያጠጣ በሌላው ወገን ቤት ሲበላ ኖሯል።

መይሙና ልጇን በዓይኗ ገሠጸቻት። ከዚያም በሳል እየተቆራረጠች «ይቀመጡ ጋሼ፣ ምነው ቆሙ» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው።

«ምን ብዬ?»

«ውሃዎ ቤቴን አፈረሰው ብለሽ ነዋ። ጎረቤት አይደለንም?»

መይሙና የሻርፗን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች። «ሲያጠጡ ያወሯታል» አለች በመጨረሻ። «ግድግዳው ስስ ነው፣ ይሰማኛል። ዛሬ እንዲህ ሆነ፣ እገሌ ሞተ፣ እገሊት ወለደች እያሉ ይነግሯታል። ብርክቲ ለእኔም እህቴ ነበረች። ጎማውን ይዝጉ ብል ወሬያችሁን ዝጉ ማለት መሰለኝ። ግድግዳ ይለሰናል ብዬ ተውኩት።»

አቶ ሀጎስ ወንበሩን ሳያዩ ተቀመጡ። መይሙና የመረጠችውን የመሰለውን ዝምታ ነው ሰው ደግነት የሚለው፤ ደግነትነቱ እውነት ነው፣ ነገር ግን ያ ደግነት መይሙናን ደረቷን አስከፈላት፣ ሽማግሌውንም ሳያውቁ በዳይ አደረጋቸው። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የደረሰውን ጥፋት በጊዜው ሊነግረው ይገባል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ጀነት በለሰለሰ ድምፅ «ጋሼ፣ ማሽኑ የሚወስድብዎ ጎማውን ብቻ ነው። ወንበር ይዘው ከጽጌረዳው አጠገብ መቀመጥን ማንም አይከለክልዎትም» አለቻቸው።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አሉ» አሉ አቶ ሀጎስ። «እኔን መከራውም ዘግይቶ ነው የመከረኝ፤ ለዚያውም በሌላ ሰው ደረት ላይ። ያልሽውን ሁሉ አድርጊ ልጄ። አስቀድመሽ ግን ግድግዳውን።»

እንዲህ ሆነና አንበሳው ከነሳህኖቹ ተክለ ሃይማኖት ቀረ፤ ለእሱ የታሰበው ወጪ የመይሙናን ግድግዳ ከሥሩ በድንጋይ አስነሣ። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ቦይ ተቆፍሮ ጠጠር ተሞላበት፤ ሳርም ሆነ ማጠጫ ወደዚያ እንዳይጠጋ ተደረገ። በቦዩ ዳር ብዙ ውሃ የማይፈልጉት እሬትና የጥብስ ቅጠል ተተከሉ። የበሰበሰው ሳር ተነሥቶ መሬቱ ፀሐይ ጠጣ፤ ከብርክቲ ሳር የተረፈው ከጽጌረዳው ወዲያ ያለ ጠባብ ቁራጭ ብቻ ነበር። በሙት ዓመቱ ዕለት እንግዶች የገቡት ባዶ አፈርና ድንጋይ ወደሚታይበት ግቢ ነው፤ አንዳንዱም ሽማግሌው የብርክቲን አደራ በሉ ብሎ አንሾካሾከ። አቶ ሀጎስ ሰምተዋል፤ አልተከራከሩም።

ከዚያ ወዲህ የሮቶው ውሃ ለሳሩም ለቤቱም ይበቃል፣ ከፈረቃ ፈረቃም ይተርፋል። ቧንቧቸው ሰው በሌለበት ተከፍቶ አያድርም። ጽጌረዳው አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ ሳሩም ከቁራጩ እየተሳበ ባዶውን ቦታ ይጠጋጋል። የሠፈሩ ሰውም አንድ ሁለት እያለ ካቻቢቴ ይዞ የገዛ ግቢውን መውጋት ጀምሯል። የመይሙና ሳል ግን አልለቀቃትም። ሐኪሙ እርጥበቱ ደረቷን ቀድሞ ጎድቶታል ብሏል፤ ግድግዳ እንደሚለሰን ሰው አይለሰንም።

አንድ ማለዳ አቶ ሀጎስ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን ከጽጌረዳው አጠገብ አስቀምጠው ተቀመጡ። ውሃው ከቀጭኑ ጎማ ጠብ ጠብ ይላል፤ እንደ ድሮው የሚንሿሿ ድምፅ የለም። ለብርክቲ የትናንቱን ሊነግሯት አፋቸውን ሲከፍቱ ከግድግዳው ማዶ ሳል ሰሙ። ረጅም፣ የደከመ ሳል ነበር። ዓመት ሙሉ እዚሁ ቆመው ጎማ ይዘው ሲያወሩ ይህ ሳል እንደ ነበረ፣ የውሃው ድምፅ እንደ ሸፈነባቸው ያን ጊዜ ገባቸው።

እስኪያባራ ጠበቁና «እንዴት አደርሽ መይሙና?» አሉ።

መይሙና ከማዶ መለሰችላቸው።

«አልሐምዱሊላህ። ምነው ጋሼ፣ ዛሬ ለብርክቲ ምንም አልነገሯትም?»

«አንቺን እየሰማሁ ነው» አሉ አቶ ሀጎስ፤ ወንበራቸውንም አንሥተው ወደ ግድግዳው አስጠጉት።